በሐዋሳ ክፍሎች አዲስ ምዕራፍን በቻትቦት ማስጀመር

ቻትቦት ማለት እንደ ቻትጂፒቲ እና ጀሚናይ ያለ፣ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሠራና በጽሑፍ ወይም በድምፅ የሚያወራ መተግበሪያ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አሳይመንት ማሠራትን ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ግን ሌላው አጠቃቀም ነው፤ መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት የተማሪዎቹን ጉጉት ለመቀስቀስ የሚያደርገው። ይሄኛው ብዙም አልተጻፈበትም።

ከማሽን ጋር በጽሑፍ ማውራት ራሱ የቆየ ሐሳብ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባም በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኢላይዛ የተባለውን በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ወደ እኛ ክፍሎች የገባው የመጀመሪያው ትልቅ ስክሪን ግን አያወራም ነበር። እሱም ፕላዝማ ነው።

ፕላዝማ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠራጨ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጡ ነበር። አብዛኛው ትምህርት የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለማሰቢያ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ክፍሉ ገባውም አልገባውም መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ተመሳሳይ ቅሬታ ደጋግመው መዝግበዋል። ፍጥነቱ አይያዝም፣ የአነጋገሩ ቅላጼ ለተማሪው እንግዳ ነው፣ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኗል። በጎ ጎኑንም መካድ አይገባም። ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅ ተማሪ ቤተ ሙከራን በዓይኑ ያየው በፕላዝማ ነው። ተማሪን በማሳተፍ በኩል ግን ፕላዝማ አልተሳካለትም፤ ይህን በሙሉ አፍ መናገር ይቻላል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ሄደ።

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ስለዚህ የሚገባው በቪፒኤንና በውጭ አገር ስልክ ቁጥር ነበር። በከተማችን ነገሩን ቀድመው የለመዱት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ላፕቶፑም ዋይፋዩም ያለው እዚያ ነው። ይህ አንጋፋ ተቋም በ1968 ዓ.ም. የተከፈተውን የእርሻ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር አዋህዶ፣ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መምህራንን ሲያፈራ ኖሯል።

ክፍል ውስጥ ያለው አሠራር ከውጭ እንደሚነገረው አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ኮኔክሽንም አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ የቲቸር። ቲቸር ይጽፋል፣ የመጣውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ክፍሉ ይመልሳል፣ አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል።

ለምሳሌ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን እንውሰድ። መምህሩ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «አንተ የሐዋሳ ሐይቅ ነህ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ያነጋግሩሃል። መልሱን አትንገራቸው፤ አንድ አንድ ጥያቄ እየጠየቅህ ራሳቸው እንዲደርሱበት አድርግ።» ጥያቄው ራሱ ይማርካል። ሐዋሳ ሐይቅ በዓይን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ሻላና አቢጃታም የላቸውም። እነሱ ጨዋማ ሲሆኑ የእኛው እንዴት ዓሣ የሚረባበት ጨው አልባ ውሃ ሆነ? ተማሪዎቹ ይገምታሉ። አንዱ ዝናብ ነው ይላል፣ ሌላዋ ጥቁር ውሃ ወንዝን ታነሳለች። ቻትቦቱ «ወንዙ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ታዲያ ጨው የት ይሄዳል?» ብሎ መመለስ ይችላል። ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ይወጣል፣ ጨውንም ይዞት ይሄዳል የሚለው የተመራማሪዎች ማብራሪያ የሚመጣው ክፍሉ በደንብ ከተከራከረ በኋላ ነው። ከፕላዝማ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ይጠብቃል፤ የተማሪውን ግምት ሰምቶ ከዚያ ይነሳል።

ቻትቦት ግን ይሳሳታል፣ ሲሳሳትም በሙሉ ልብ ነው። ጥቁር ውሃን ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ አድርጎ ሊነግር ይችላል። ለዚህ የአካባቢ ርዕስ ይጠቅማል፤ በሻሸመኔ በኩል ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ከተማ የገባ ልጅ «ኧረ ተሳስቷል!» ማለት ያውቃል። ስለ ሩቅ ነገር ሲሆን ግን የሚያርመው አይኖርም። መምህሩ ቀድሞ መማሪያ መጽሐፉን ማየት አለበት።

ማሰብን ያዳክማል ወይስ ያግዛል የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ማስረጃ አለው፤ ምናልባት መልሱ እንደ አጠቃቀሙ ይለያይ ይሆናል። ዩኔስኮ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል። ቻትጂፒቲም ከ13 ዓመት በታች ላሉ አልተፈቀደም፤ ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። በመምህሩ ስልክ ብቻ መሥራት ይህንንም ያቃልላል።

ቋንቋ ሌላው ጣጣ ነው። ቻትቦቶቹ የሠለጠኑበት የአማርኛ ጽሑፍ ትንሽ ነው። አማርኛው ያስኬዳል፣ አልፎ አልፎ ግን ግራ የገባው ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ መምህር በእንግሊዝኛ ጠይቆ በአማርኛ ያስረዳል። በሲዳምኛ የሚያስተምሩት የታችኛው ክፍል መምህራን ሥራ ከዚህ ይከብዳል። ቻትቦቶቹ በሲዳምኛ ከአማርኛውም የባሰ ደካማ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ አውጥተው ራሳቸው መተርጎም ይኖርባቸዋል።