ኤችአርቪ ምንድን ነው? ስማርት ሰዓትስ ስሜት ያነባል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተመራቂ ተማሪ የጥናት ሐሳቡን ይዞ ቢሮዬ መጣ። 30 ሰው ሰብስቦ አስፈሪ፣ አሳዛኝና አስቂኝ ቪዲዮ ያሳያል፤ በየሰዉ እጅ ላይ እዚሁ ሐዋሳ ገበያ የገዛውን ርካሽ ስማርት ሰዓት ያስራል፤ ከዚያ ሰዓቱ በሚሰጠው «የጭንቀት ነጥብ» ማን ምን እንደተሰማው ያውቃል። ሐሳቡን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው አንድ አሠልጣኝ እንዲህ ሲሉ ሰምቶ ነው፦ አፍ ይዋሻል፣ ሰዓቱ ግን የልብን እውነት ያወጣል፤ ኤችአርቪ የሚባለው የልብ ልኬት ከወረደ ሰውየው ተጨንቋል፣ ከወጣ ደስ ብሎታል። ይህን አባባል ሰምቼ ያለፍኩበት ጊዜ በዝቷል። ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁና ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኤችአርቪ የልብ ምት ብዛት አይደለም። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ ልኬት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ በየሰከንዱ እኩል አይመታም፤ አንዱ ክፍተት 960 ሚሊሰከንድ ቢሆን ቀጣዩ 1,030 ይሆናል። አየር ስንስብ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት ይላል።

ከግድግዳ ማዶ ቡና ሲወቀጥ የምትሰማ ጎረቤት አስቡ። ተዝናንታ የምትወቅጥ ሴት ወሬ ትጠይቃለች፣ የተፈናጠረ ፍሬ ትለቅማለች፤ ዘነዘናዋ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። እንግዳ በር ላይ የደረሰባት ግን ቀና ሳትል በአንድ ልክ ትወቅጣለች። ልብም እንዲሁ ነው፤ ሲያርፍ ምቱ ይለዋወጣል፣ ሲጣደፍ አንድ ወጥ ይሆናል። ጎረቤቲቱ ችኮላውን ከድምፁ ልታውቅ ትችላለች። ቡናው ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ ግን ሙቀጫው አይነግራትም። ሠርግ ቤትም ይጣደፋል፣ ለቅሶ ቤትም ይጣደፋል።

አሠልጣኙ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር እጮኛውን የሚጠብቅ ወጣትና ውጤቱን ፈርቶ የተቀመጠ ተፈታኝ ልባቸው በአንድ ዓይነት ሊመታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትንተና 202 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ለፍርሃት፣ ለንዴት፣ ለደስታ ለእያንዳንዱ የራሱ የሆነ ቋሚ የሰውነት አሻራ አላገኘም። «እንግዲያው ውዱን ሰዓት እንገዛለን» ቢሉኝ መልሴ አይለወጥም። የሆስፒታሉ የልብ መመርመሪያ፣ ኢሲጂም፣ ደስታን ከፍርሃት አይለይም። ጎረቤቲቱ ጆሮዋ ቢሰላ ሙቀጫውን በደንብ ትሰማለች እንጂ ድግሱን አታይም።

ርካሽነቱ የሚያመጣው ችግር ከዚህ ሌላ ነው። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ይይዛል፤ ጓዳ ገብቶ ከወቃጯ አጠገብ እንደመቆም ነው። የእጅ ሰዓት ግን አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል። ደሙ ከልብ ተነሥቶ የእጅ አንጓ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ራሱ ይለዋወጣል። ተቀምጦ ያረፈ ሰው በደቂቃ ስንት ጊዜ ልቡ እንደሚመታ ለመቁጠር ርካሹም ሰዓት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን አልክድም። ኤችአርቪ ግን የሚሊሰከንድ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ የሚያነብ ሴንሰር በንባቦቹ መካከል 40 ሚሊሰከንድ ጆሮውን ይደፍናል። ብዙ ጤነኛ አዋቂዎች አርፈው ሲለኩ የሚገኘው የተለመደ ኤችአርቪ ደግሞ ከ20 እስከ 70 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ክፍተቱን በስሌት ይሞላል፤ ሞገዱ ጥርት ካለ ጥሩ አድርጎ ይሞላል። እጅ ሲንቀሳቀስ ግን ባጃጅ በደጅ እንዳለፈ ነው። የእርምጃን ምት የልብ ምት አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ።

ግድግዳውም ከቤት ቤት ይለያል። በቆዳችን ያለው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሳያሳይ ቀርቷል። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ሲሸጥልን በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ተፈትሾ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ቁጥሩን የሚያወርድና የሚያወጣውም ስሜት ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳት፣ ጫት፣ ዕድሜ፣ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ሁሉም ይነካዋል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ በዝግታ ቢተነፍስ ኤችአርቪው ከፍ ይላል፤ ሐዘኑ ግን እዚያው ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ደግሞ ምቱ ሥርዓት ስለሚያጣ ቁጥሩ በጣም ያሻቅባል፤ ሰዓቱ ይህን «ተረጋግተሃል» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ለተማሪዬ ጥናቱን ተው አላልኩትም። ደረት ላይ የሚታሰር፣ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚይዝ ቀበቶ ተውሶ እንዲሠራ፣ እያንዳንዱን ሰው ከሌላው ጋር ሳይሆን ከራሱ የዕረፍት ልኬት ጋር እንዲያነጻጽር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ ለአጭር ልኬት 5 ደቂቃ ይላል፤ የእሱ ቪዲዮዎች 40 ሰከንድ ነበሩ። መጠይቁንም አየሁት። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክብደት፣ ቡና ጠጥተዋል ወይ፣ ሁሉም አለ። «ቪዲዮውን ሲያዩ ምን ተሰማዎት?» የሚል ጥያቄ ግን አልነበረበትም። እዚያው ቁጭ ብሎ በእጁ ጻፈው።