ስለ ሰርኪት ብሬከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ማሞቂያ ይሰካል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነ ምጣዱም ይጨመራል። ከዚያ ቀጭ! ብሬከሩ ይወርዳል። የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን «ጋሼ፣ ብሬከሩ ተበላሸ» ብለው ሳቀብኝ። «ልጄ፣ እሱማ ሥራውን ሠራ።»

የሶፍትዌሩ ሰርኪት ብሬከርም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። የእኛ ፕሮግራም ሥራ የሚጠይቀው ሌላ ፕሮግራም (ሰርቪስ) ደጋግሞ እንቢ ሲል ጥሪውን ለጊዜው ይቆርጣል። ጥገና ግን አይችልም።

«ክፍት ከሆነ እየሠራ ነው»

ተቃራኒው ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ጉድ ይሠራናል። ሬዲዮ ክፈት፣ ቧንቧ ክፈት እንላለን። በኤሌክትሪክ ግን ዑደቱ ሲዘጋ ነው ኃይል የሚያልፈው፤ ሲከፈት ይቋረጣል። ዝግ ብሬከር ጤነኛ ነው፤ ክፍቱ ጥሪ አያሳልፍም። እኔ አንድ ሌሊት ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ «ኦፕን»፣ ክፍት፣ የሚል አይቼ እፎይ ብዬ ተኝቻለሁ።

«ሪትራይ ካለ ይበቃል»

ሪትራይ፣ ማለትም ያልተሳካን ጥሪ ደግሞ መሞከር፣ ለቅጽበታዊ እንቅፋት ነው። የወደቀን ሰርቨር 1,000 ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ቢጠራው 3,000 ጥሪ ነው። ሊነሳ ሲል መልሶ ይወድቃል። ምጣዱን ሳይነቅሉ ብሬከሩን እንደማንሳት ነው።

«ብሬከር ካለ ታይምአውት ምን ያደርጋል?»

ታይምአውት መልስ የምንጠብቅበት የጊዜ ገደብ ነው። በዚህ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱ አውቶቡሶች ትኬት የሚቆርጥ ሲስተም ሠርተን ነበር። የክፍያው ሰርቪስ አልሞተም፣ ዘገየ እንጂ። ብሬከራችን የሚቆጥረው ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ አልመጣም። እያንዳንዱ ጥሪ አንድ አንድ ትሬድ (ሲስተሙ ሥራ የሚያስኬድበት፣ ቁጥሩ የተወሰነ መስመር) ይዞ ቁጭ አለ። ትሬዱ ሲያልቅ የመነሻ ሰዓት የሚያሳየው ገጽ እንኳ ደረቀ። እሱን ከክፍያ ጋር ምን አገናኘው? መናኸሪያው ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰልፈኛ ሁሉ ቆራጯ ላይ አፈጠጠ። አሁን 3 ሰከንድ ያለፈው ጥሪ እንደ ስህተት ይቆጠራል። (በነገራችን ላይ ክፍያን በጭፍን ሪትራይ አታድርጉ፤ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።)

«ስህተት ሁሉ ይቆጠር»

ደንበኛው ፒኑን ቢሳሳት ሰርቪሱ ምን አጠፋ?

«አንድ ብሬከር ለሁሉም»

የክፍያው ብሬከር ሲወርድ ኤስኤምኤሱ አብሮ መቋረጥ የለበትም። እያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ ይኑረው።

«የወረደውን ሰው ነው የሚያነሳው»

የቤቱን አዎ። የሶፍትዌሩ ራሱ ይሞክራል። ለምሳሌ ሂስትሪክስ የሚባለው የኔትፍሊክስ ሰርኪት ብሬከር፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ 20 ጥሪ መጥቶ ግማሹ ከከሸፈ ይከፈታል። ከ5 ሰከንድ በኋላ አንድ ጥሪ ብቻ ያሳልፋል፤ ከተሳካ ይዘጋል፣ ካልተሳካ እንደተከፈተ ይቆያል። እስከዚያው የእኛ ቆራጭ ስክሪኗ ላይ «በጥሬ ገንዘብ ተቀበይ» የሚል ይመጣላታል።