ወቅቶችና ማኅበራዊ ኑሮ በጅማ ተራሮች

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ኦሮምኛ ዓመቱን ለአራት ይከፍለዋል፦ ቦና (በጋ)፣ አርፋሳ (በልግ)፣ ገና (ክረምት)ና ቢራ (መፀው)፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ከበዓሉም ከመጠጡም ዝምድና የላቸውም። ከደዶ ወረዳ ከፍታዎች እስከ ጎማ ወረዳ ቆላማ ዳርቻ ግን የኑሮው ልክ ቡና ነው። ቡና መጀመሪያ የታወቀው ጎማ ውስጥ ጮጬ ላይ ነው የሚለው በአካባቢው የጸና እምነት ሲሆን፣ ከፋዎችም ይህን ክብር ለራሳቸው ይሉታል።

በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ከጥቂት ቀን በኋላ ማሳው ነጭ ይለብሳል። አበባው በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል፤ በዚያው መሀል በረዶ ከወረደ የዓመቱ ምርት ይጎዳል።

ክረምት የጭንቅ ወቅት ነው። ጎተራ ይጎድላል፤ የቸገረው ቡናውን ገና ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጣል። አረንጓዴ ፍሬ እያደገ ሳለ እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲበዛ የቡና ፍሬ በሽታ ይነሣል፤ ፍሬው ጠቁሮ ይኮማተራል። በሽታው በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አሰራጭቷል፤ 74110ና 74112 የተባሉት ቁጥሮች በ1974 እ.ኤ.አ. መመረጣቸውን ይናገራሉ። ይህ ለአገሪቱ የተሠራ ትልቅ ውለታ ነው።

ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከዚያ በፊት በነሐሴና በመስከረም ከቡናው ሥር ያለው አረም ይመነጠራል። ጉልበቱ የሚገኘው በደቦ፣ ወይም ቀን በቀን በሚመለሰው በዳዶ ነው፤ በደቦ ባለቤቱ ያበላል ያጠጣል፣ በዳዶ ግን የተሠራልህን ቀን ቆጥረህ ትመልሳለህ። የቀላውን ብቻ በሦስት አራት ዙር መልቀም ግድ ነው፤ አረንጓዴው አብሮ ከተሸመጠጠ ጣዕሙ ይበላሻል።

ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ለመሆን እሸቱ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አራት ጣት በማይሞላ ውፍረት ተሰጥቶ፣ ቀን ቀን እየተገላበጠ፣ ማታ ከጤዛ እየተሸፈነ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ዳግም የረጠበ ይሻግታል። መድረቁ እፍኝ ጨብጦ በማንገጫገጭ ይታወቃል፤ ፍሬው ከቅርፊቱ ተላቆ ካንቋቋ ደርሷል። ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ሽያጩ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ይቆጠራል።

የቡና ብር ሲገባ ዕዳ ይከፈላል፣ ቤት ይከደናል፣ ሠርግ ይደገሳል። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932 እ.ኤ.አ.) የሂርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ ከተማ፣ የሐሙስ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር። ረመዳን ግን ከዚህ ዑደት ጋር አይታሰርም፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ በ33 ዓመት አንድ ጊዜ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል።