የመምህራን የአቻ ግምገማ ምንድን ነው? ቅጹ አይደለም

የአቻ ግምገማ መምህር የባልደረባውን አስተማር ክፍል ገብቶ አይቶ የሚገመግምበት ነው። «በዩኒቨርሲቲ የአቻ ግምገማ መሞጋገስ ነው፤ ይቅርብን» የሚል ክርክር ሰሞኑን እንደገና ተነስቷል። ተከራካሪው ማስረጃ ያደረጉት ግን ሴሚስተር ሲያልቅ ባልደረቦች እርስ በርስ ነጥብ እንዲሰጣጡበት ከቢሮ ቢሮ የሚዞረውን ቅጽ ነው። ክፍል ሳይገቡ «ትምህርቱን በግልጽ ያቀርባል» ከሚለው ፊት 5ን ማክበብ የአቻ ግምገማ አይደለም፤ ሌላ ስም ይውጣለት።

ተማሪ የቀረበለትን ወጥ ይቀምሳል። «መረረኝ» ካለ እውነቱን ነው፤ ለምን እንደመረረ ግን አያውቅም። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬው መግባቱን የሚያየው ጓዳ የገባ ሌላ ባለሙያ ነው። ቅጽ ብቻ የሚሞላው ባልደረባ ከአጥር ውጭ ቆሞ በጭሱ ይፈርዳል። እንግዳ ይመጣል ሲባል ደግሞ ቅቤው ይበዛል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ታይቶ አይበቃም።

ጓዳ መግባቱ እንዲህ ነው፦ ተመልካቹና የምትታየው መምህር ከክፍለ ጊዜው በፊት 20 ደቂቃ ያህል ተገናኝተው ኮርስ አውትላይኑንና የዕለቱን ዓላማ ማየት ያስፈልጋቸዋል፤ መምህሯ ራሷ «ይህን እይልኝ» ትበል። ክፍል ውስጥ የሚጻፈው የሆነው ነገር ነው፣ ከነሰዓቱ። «ጥያቄ አጠያየቋ ጥሩ ነው» ሳይሆን «3፡20፦ ጠየቀች፤ ሳትጠብቅ ራሷ መለሰች»። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው ባጠኗቸው ክፍሎች መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ነበር፤ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ። (የተጠናው የትምህርት ቤት ሳይንስ ነው፤ ቁጥሩን 200 ተማሪ ለታጨቀበት አዳራሽ እንዳለ አትውሰዱት።) እንዲህ ያለውን ነገር «ከ5 ስንት» የሚል ሠንጠረዥ አይዘውም። በሁለት ቀን ውስጥ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይከተላል፤ ቀድማ የምትናገረው ያስተማረችው ናት።

መሞጋገሱስ? አለ። ዛሬ የሞላሁልህ ነገ ትሞላልኛለህ፤ ነጥቡም ለደረጃ ዕድገት ይውላል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው ክፍፍል ለተማሪ 50፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ 35፣ ለባልደረባ 15 ከመቶ ነው። ለአንዱ 4.8 ለሌላው 4.9 ሲሰጥ ልዩነቱ ከመቶው 0.3 ነጥብ ነው። 15ቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ማንንም ከማንም አይለይም።

ታዲያ መፍትሔው ማስቀረት ሳይሆን ለማሻሻያ የሚደረገውን ለዕድገት ከሚደረገው መለየት ነው። ለማሻሻያ የተያዘው ማስታወሻ ከመምህሯ እጅ አይውጣ። ለዕድገት ከተፈለገ በመመዘኛው ላይ አስቀድመው የተስማሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመልከቱ። አንዳቸው የግድ የዚያው ሙያ ይሁኑ፤ የውጭ ሰው የጥያቄውን አካሄድ እንጂ የቀመሩን ስህተት አይይዝም። የፈተና ወረቀቱም አብሮ ይታይ፤ ሽምደዳ ብቻ የሚጠይቅ መሆኑ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይታወቅም።