«መጀመሪያ አንዴ ትውለድ» እና ሌሎች ስለ ሴት ቡችላ ማምከን የሚባሉ ስህተቶች

ሴት ቡችላን ስለ ማምከን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትባል አትቀርም፦ «መጀመሪያ አንዴ ትውለድ።» የግቢው ዘበኛ ይላታል፣ ጎረቤት ትላታለች፣ ቡችላዋን የሸጠውም ሰው መርቆ ይሰጣታል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጡት መልሶች አራት ናቸው፤ አራቱም አይቆሙም።

አንደኛው «ካልወለደች ማህፀኗ ይታመማል» የሚለው ነው። ማምከን ማለት ኦቫሪዎቿን (እንቁላል የሚያመነጩ አካሎቿን)፣ በአብዛኛው ማህፀኗንም ጭምር ቆርጦ ማውጣት ነው። የወጣ ማህፀን አይታመምም፤ የሚታመመው ሆዷ ውስጥ የቀረው ነው። ውሻ ከእያንዳንዱ የስሪያ ወቅት (ደም አይታ ወንድ ከምትፈልግበት ጊዜ) በኋላ፣ ወንድ ቢያገኛትም ባያገኛትም፣ የእርግዝና ሆርሞን የሆነው ፕሮጄስትሮን ለ2 ወር ያህል በደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሆርሞኑ የማህፀኗን ግድግዳ ያወፍራል፣ የማህፀኗን አፍ ይዘጋል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙንም ያዳክማል። በስሪያ ወቅቷ የገባ ባክቴሪያ የተመቻቸ ቤት ያገኛል፤ መጨረሻው መግል የሞላ ማህፀን ነው። ማምከን እምብዛም ባልተለመደባት ስዊድን በመድን መዝገቦች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአራት ሴት ውሾች አንዷ ገደማ 10 ዓመት ሳይሞላት ይህ በሽታ ይይዛታል። አንዴ መውለድ ከዚህ ነጻ አያወጣትም።

ሁለተኛው «ስትወልድ ትረጋጋለች» ነው። ወልዳ ቡችሎቿን እስክታስጥል ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ያረጋጋት ዕድሜዋ ነው። ሦስተኛው «ሰውነቷ ይጠነክራል» የሚለው ደግሞ የነገሩ ግልባጭ ነው። የምታጠባ ውሻ ካልሲየሟን ከራሷ ቀንሳ ወደ ወተቷ ትልካለች። በተለይ ትንንሽ ውሾች በወለዱ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ካልሲየማቸው በድንገት ወርዶ ይንቀጠቀጣሉ፣ እግራቸው ይገተራል፣ ሰውነታቸው ይግላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከሙም ይሞታሉ። አራተኛው «የእናትነትን ፍቅር ሳታይ ትቅር ወይ?» ነው። ይህ የሰው ናፍቆት ነው፤ ውሻ ያልወለደችውን ልጅ አታስብም።

ለመውለድ ሲባል የሚጠፋውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ያልመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏን 100 ብንል፣ ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት የመከነችው 0.5፣ ከመጀመሪያው በኋላ የመከነችው 8፣ ከሁለተኛው በኋላ የመከነችው 26 ነው ይላል። እነዚህ ቁጥሮች በየቦታው ተጣመው ይነገራሉ። «ከሁለተኛው በኋላ 26 በመቶዎቹ በካንሰር ይያዛሉ» ማለት አይደለም፤ ካልመከነችው ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መረጃውን መልሰው የመረመሩ ባለሙያዎችም ማስረጃው ከሚባለው ደካማ ነው ብለዋል። ስለዚህ 0.5ን እንደ ቅዱስ ቃል አትያዙት። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ አንዴ እስክትወልድ መቆየት ከዕጢው የሚያድናት ነገር የለም። በውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ አደገኛ ናቸው።

ከተወለዱት ቡችሎች ወንዶቹን ሰው ይሻማባቸዋል። ሴቶቹ «ትወልድብናለች» ተብለው በካርቶን ሆነው መንገድ ዳር ይጣላሉ። «አንዴ ትውለድ» ያለው ሰው ያን ጊዜ የለም።

«ደሙ ቆሟል፣ አሁን ትለቀቅ»። ለሳምንት ታስራ የቆየች ውሻ የምታረግዘው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው የውሻን ደም እንደ ሴት ልጅ የወር አበባ ይቆጥረዋል። ግንኙነት የላቸውም። የወር አበባ የሚመጣው ሳይረገዝ ሲቀር ነው፤ የውሻ ደም ደግሞ ለእርግዝና ስትዘጋጅ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ብልቷ ያብጣል፣ ቀጥሎ ቀይ ፈሳሽ ይታያል። ይህ በአማካይ 9 ቀን ይቆያል፤ 3 ቀንም 3 ሳምንትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ወንዶቹ በር ላይ ይሰበሰባሉ እንጂ እሷ ታባርራቸዋለች። ከዚያ ፈሳሹ እየሳሳ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ወገቧን ሲነኳት ጅራቷን ወደ ጎን ታዞራለች። ባለቤቷ «አለቀ» ብሎ በር የሚከፍተው በዚሁ ቀን ነው፤ ለእሷ ግን ዋናው ገና ተጀመረ። ይህም ሌላ 9 ቀን ገደማ ይወስዳል። የወንዱ ዘር ደግሞ በሆዷ ውስጥ እስከ ሳምንት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የደም ጠብታ ከታየበት ቀን ጀምራችሁ አራት ሙሉ ሳምንት ቁጠሩ። የታሰረች ውሻ የተጠበቀች ውሻ አይደለችም፤ አጥር የሚዘል ወንድ ማሰሪያ አያግደውም። የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። ራሷን እየላሰች ደሟን የምታጠፋም አለች፤ በተለይ የመጀመሪያው ወቅት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ከ6 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ነጭ ሶፍት ይዛችሁ ብታብሱ ሳታውቁት አያልፍም።

አጫጭሮቹን በአጭሩ እንለፋቸው።

«ወንድሟ ነው፣ አይነካትም።» ይነካታል። ውሻ የዘመድ ሐረግ አይቆጥርም፤ ወንዱም በ6 ወሩ አካባቢ ሊያስረግዝ ይችላል።

«ከመከነች ግቢ አትጠብቅም።» ውሻ በበላበት ይጮኻል እንጂ በማህፀኑ አይጮኽም።

«ከመከነች የእብድ ውሻ በሽታ አይዛትም።» ክትባቱ ሌላ፣ ማምከኑ ሌላ። በ3 ወሯ ተከትባ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ይደገምላት።

«ስሪያ ላይ ሲቆላለፉ ውኃ ሲደፋባቸው አታረግዝም።» ሲቆላለፉ ዘሩ ገብቷል። በግድ ማላቀቅ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ተዋቸውና ሐኪም አማክሩ።

«ቱቦዋን ቋጥረውላት ነበር፣ ግን ደም አየች።» የተለመደው ቀዶ ጥገና ቱቦ መቋጠር ሳይሆን አካሉን ማውጣት ነው። ከመከነች በኋላ ብልቷ አብጦ ወንዶች ከተከተሏት የኦቫሪ ቁራጭ ሆዷ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። የቀዶ ጥገና ጉድለት ስለሆነ እንደገና ተከፍቶ መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ መቼ? እዚህ ላይ ስህተቱ ሁለት ጎን አለው። አንዱ ወገን «6 ወር» ብሎ ለሁሉም አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ሌላው «እስክታድግ ድረስ አትንኳት» ይላል። ሁለቱም ቡችላዋን ሳያዩ የሚናገሩ ናቸው። መነሻው ካደገች በኋላ ስንት ኪሎ ትመዝናለች የሚለው ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ስታድግ ከ20 ኪሎ በታች የምትሆን ቡችላ ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት፣ በ5 እና በ6 ወሯ መካከል እንድትመክን ይመክራል። ከ20 ኪሎ በላይ ለምትሆነው የሚሰጠው ከ5 እስከ 15 ወር የሚደርስ ሰፊ ጊዜ ነው።

ልዩነቱ ከአጥንት የመጣ ነው። በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ቦታ እንዲዘጋ ከሚያደርጉት አንዱ የኦቫሪ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ቀድሞ ሲቋረጥ አጥንቱ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፣ የመገጣጠሚያው ልክ ይዛባል። በትንንሽ ውሾች ላይ ይህ ጉዳት አልታየም፤ በከባዶቹ ላይ ግን ታይቷል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ 35 ዝርያዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ሴት ላብራዶርን ከ1 ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የሚወደደውን ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ ማምከንን ሐሳብ ያቀርባሉ። ያለጊዜው ለመከነች ከባድ ውሻ ሌላም ዕዳ አለባት፦ ሽንት ማምለጥ። ተኝታ ስትነሳ ምንጣፉ ረጥቦ ይገኛል። ይህ በመድኃኒት የሚስተካከል ነው፤ «አበላሽቷታል» ተብላ የምትጣልበት ምክንያት አይደለም።

መካከለኛ ቁመና ያላት የሐበሻ ቡችላስ? እናቷን ማየት ከተቻለ የእናቷ ክብደት የተሻለ መለኪያ ነው። ካልተቻለ በ4 ወሯ መዝኗት፤ የዚያን ጊዜ ክብደቷ ስታድግ ከሚኖራት ግማሽ ያህል ይሆናል። 8 ኪሎ ከሆነች 16 አካባቢ ትደርሳለች፣ በ6 ወሯ ትምከን። 14 ኪሎ ከሆነች ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ግቢው ይዘጋል ወይ? ጀርመን ሸፐርድን 2 ዓመት አቆያለሁ የሚል ሰው ሦስት ወይም አራት የስሪያ ወቅት፣ እያንዳንዱን ለአራት ሳምንት፣ በተዘጋ ክፍል ማሳለፍ አለበት። ልጆች በሩን ከፍተው የሚወጡበት ግቢ ከሆነ ይህ ሐሳብ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው፤ የመገጣጠሚያውን ጣጣ ተቀብሎ ቀድሞ ማምከን ይሻላል።

መዘግየት ያለበት ሌላም አጋጣሚ አለ። ብልቷ በቆዳ ተሸፍኖ ወደ ውስጥ የገባና ቶሎ ቶሎ የሚቀላ ቡችላ አንድ የስሪያ ወቅት ብታይ ቦታው አብጦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያለዚያ የቆዳው ቁስል አብሯት ይኖራል። ከተወለደች ጀምሮ ሽንት የሚንጠባጠብባት ደግሞ ሳትመረመር አትምከን፤ የሽንት ቱቦዋ ያለቦታው ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜው ቢስማማም ወቅቱ ላይስማማ ይችላል። በስሪያ ወቅቷ የማህፀኗ የደም ሥሮች ወፍረው ደም የሞላባቸው ስለሆኑ ቀዶ ጥገናው ይከብዳል። ወዲያው ካለፈ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮኑ በድንገት ሲቋረጥ ሳታረግዝ ጡቷ ወተት ሊይዝ፣ አሻንጉሊት ታቅፋ ልታጉረመርም ትችላለች። ትክክለኛው ወቅቱ ከጀመረ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። ለምሳሌ ደሙ ጥቅምት 1 ከታየ፣ እስከ ጥቅምት 28 ትዘጋለች። ኅዳርንና ታኅሣሥን ውኃ አብዝታ ትጠጣ እንደሆነ፣ ትውክት፣ ምግብ መተው ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ እንዳለ ይታያል። ፈሳሽ ሳይኖር ሆዷ ከተነፋና ከደከመች «አርግዛለች» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ማህፀኑ ተዘግቶ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ናት። ደህና ከሆነች ከጥር እስከ መጋቢት ትመክናለች፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀጣዩ ወቅት ይመጣል።

«ቀዶ ጥገና ከሚደረግላት መርፌ ትወጋ»። ሴቶች የሚወስዱት የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ከፕሮጄስትሮን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከላይ ማህፀኗን በመግል ይሞላል ያልነው ሆርሞን ማለት ነው። ለውሻ ሲሰጥ የማህፀን መግል፣ የጡት ዕጢና ስኳር በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ርካሽ የሚመስለው መርፌ መጨረሻው ያው ቀዶ ጥገና ነው፤ ያውም በታመመ ሰውነት ላይ።

ለቀዶ ጥገናው ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ለ6 ወር ቡችላ ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ምግብ አይሰጣትም፤ ውኃ እስከ ንጋት ትጠጣ። ከ4 ወር በታች ከሆነች ግን ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ ስኳሯን ያወርደዋል፤ ሆዷ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ከ4 ሰዓት አይብለጥ። መዥገር ኖሮባት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ደም የሚያረጋውን ሴል ስለሚቀንስ በቢላዋ ላይ ሳለች ደሟ አልቆም ሊል ይችላል፣ አስቀድሞ የደም ምርመራ ይደረግላት።

ቤት ስትገባ ሙቅ ቦታ አስተኟትና የላይኛውን ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን በጣት ተጫኑት። ነጭ ይሆናል፤ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝ መሆን አለበት። ድዱ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ሆዷ ከተወጠረ ወይም እስከ ማታ ካልተነሳች ውስጥ ለውስጥ እየደማች ሊሆን ስለሚችል ደውላችሁ ሂዱ። ማታ ከወትሮው ሩብ ያህል ምግብ ይበቃታል። የሕመም ማስታገሻ ሐኪሙ የሰጠው ብቻ ነው፤ ከቤት መሳቢያ የሚወጣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጨጓራና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ስፌቱን በቀን ሁለቴ እዩት፣ አልኮልም ቅቤም አትቀቡት። እንዳትልሰው አንገቷ ላይ ኮን (አፏ ስፌቱ ጋ እንዳይደርስ የሚያግድ የፕላስቲክ አንገትጌ) ይደረግላት። ከ10 እስከ 14 ቀን ሩጫ፣ ደረጃና መታጠብ የለም። በሦስተኛው ቀን ደህና መስላ መዝለል ስትጀምር ነው ሰው የሚዘናጋው፤ የውስጠኛው ስፌት የሚለቀውም ያን ጊዜ ነው።

«ማምከን ያወፍራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የምትፈልገው ጉልበት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሳህኑ ላይ የሚቀመጠው እንጀራና ፍርፋሪ ግን እንደ ድሮው ይሆናል። ስታድግ አራት እፍኝ የምትበላ ከነበረች ሦስት ይበቃታል። ገና በማደግ ላይ ያለችውን ግን ጎድኗን ዳስሳችሁ ወስኑ፦ አጥንቱ በእጅ ሲነካ የሚታወቅ፣ ከሩቅ ሲታይ ግን የማይቆጠር መሆን አለበት።