የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በኢትዮጵያ

ሳይኮሎጂ፣ በአማርኛ መጠሪያው ሥነ ልቦና፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ሲሆን፣ በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት 4 ዓመት ይወስዳል። የአማርኛው ስም መሠረት «ልቡና» የሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ «ልቦና ይስጥህ» ሲባል እንደሚሰማውም ማስተዋልን ያመለክታል። ዘርፉ ከሥነ አእምሮ ሕክምና ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል። የሥነ አእምሮ ሐኪም አስቀድሞ ሕክምና ተምሮ በዘርፉ ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሲሆን፣ የሳይኮሎጂ ምሩቅ ግን መድኃኒት አያዝም።

ትምህርቱ በአገራችን ያደገው በመምህራን ሥልጠና ቤት ውስጥ ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲደራጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የለገሱት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ ሆነ። ለመምህርነት የሚሠለጥን ሁሉ ስለ ልጅ እድገትና ስለ መማር ሂደት ማወቅ ስለነበረበት፣ ሳይኮሎጂ ለረጅም ዘመን በትምህርት ፋኩልቲ ጥላ ሥር ኖሯል። በ1960ዎቹ በባሕር ዳር የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚም የዚሁ ወገን ነው። ተማሪዎችን ወደ ገጠር ያዘመተው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጦት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤት ለዓመታት የቆየው በትምህርትና ባህርይ ጥናት ኮሌጅ ውስጥ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ የሚያስተምሩ በርካታ መምህራን ያለፉበት አንጋፋ ቤት ነው።

ትልቁ የቅርብ ጊዜ ለውጥ የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል ተማሪው በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ገብቶ በ3 ዓመት ይመረቅ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ጠቅላላው ጊዜ 4 ዓመት ሆነ። ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው «ጄኔራል ሳይኮሎጂና የሕይወት ክህሎት» የተሰኘ የ3 ክሬዲት ሰዓት የጋራ ኮርስ ዘርፉን ያልመረጡትን ሁሉ ደጁን አስረገጣቸው፤ ወደ ኢንጂነሪንግም ሆነ ወደ ሕግ የሚሄድ ተማሪ ይወስደዋል። ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች በወጥነት የተዘጋጀው ሞጁል ከሳይኮሎጂ ምንነት ተነሥቶ ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ መማር፣ ስለ ትውስታና መርሳት፣ ስለ ስብዕና እንዲሁም ስለ አእምሮ ሕመሞች ካስተማረ በኋላ፣ ወደ ጊዜ አጠቃቀም፣ ጭንቀትን መቋቋምና የአጠናን ዘዴ ይሻገራል። የመጀመሪያው ክፍል የሳይንሱን መግቢያ፣ ሁለተኛው ደግሞ የምክር አገልግሎትን የመሰለ በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ኮርስ መጣመራቸው ለአንዳንዶች አይዋጥም፤ ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ዶርም ለገባ ልጅ ግን ሁለተኛው ክፍል ስለ መማር በተደረገ ሙከራ ከሚታወቀው የፓቭሎቭ ውሻ ይልቅ እንደሚጠቅመው መካድ አይቻልም።

ዘርፉን የመረጠ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሰው ልጅ እድገት ሳይኮሎጂን፣ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂን፣ የስብዕና ንድፈ ሐሳቦችን፣ የአእምሮ ሕመሞችን፣ የምክር አገልግሎትን እና የሥነ ልቦና መለኪያዎችን ይማራል። ሒሳብ ሸሽቶ የመጣውን የሚያስደነግጠው ስታቲስቲክስ ነው፤ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሳይነካ የሚመረቅ ተማሪ እምብዛም አይገኝም።

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ አማርኛ ጎልቶ የሚመጣው ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ መጠይቅ ይዞ ወደ ሰው ሲወጣ ነው። ለምሳሌ ድባቴን ወይም ድብርትን (ዲፕሬሽንን) ለመለየት የሚያገለግለው ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚያዝለት ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ነጥቡን መደመር ቀላል ነው። አስቸጋሪው «ድብርት» የሚለው ቃል ነው፤ የአዲስ አበባ ወጣት ፊልሙ ሲሰለቸውም፣ ቀጠሮው ሲሰረዝበትም «ደበረኝ» ይላል፤ በዕድሜ የገፉ እናት በበኩላቸው ሐዘናቸውን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብለው ይገልጹታል እንጂ ቃሉን ላይጠሩት ይችላሉ። መጠይቁን አንዱ ወደ አማርኛ፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው የሚደረገው እንዲህ ያለውን ክፍተት ለማጥበብ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ተማሪው ከሁሉም ይልቅ የሙያውን ጠባይ የሚያውቀው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው «ሳይኮሎጂስት» ሊባል ይገባዋል ወይስ ስሙ በማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩት ይጠበቅ የሚለው ጉዳይ ያከራክራል። የአእምሮ ሕመምን በመመርመርና በሥነ ልቦና ዘዴ በማከም ላይ የሚያተኩረው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ በድኅረ ምረቃ የሚሰጥ መሆኑ ሁለተኛውን ወገን የሚደግፍ ይመስላል። ምሩቃኑ በትምህርት ቤት አማካሪነት፣ በሕፃናትና በተፈናቃዮች ላይ በሚሠሩ ድርጅቶች፣ በማገገሚያ ማዕከላትና በሰው ሀብት ክፍሎች ይሠማራሉ። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ላይ ግን ዘርፉ ብቻውን ሲጠራ ማየት ብርቅ ነው፤ የተለመደው አጻጻፍ «በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ የተመረቀ/ች» የሚል ነው።