አማሪሊስ በዓመቷ እንደገና እንድታብብ

አማሪሊስ ሽንኩርት ከሚመስል ራስ የምትበቅል የቤት ውስጥ አበባ ናት። ወፍራም አገዳ ታወጣና ጫፉ ላይ ትልልቅ፣ ጡሩምባ የሚመስሉ አበቦች ትከፍታለች። ቀይዋ ትበዛለች፤ ነጭ፣ ሮዝና ዥንጉርጉርም አለ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በየሱፐርማርኬቱ ከፖቷና ከደረቅ አፈሯ ጋር በካርቶን ታሽጋ ስትሸጥ ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ሰው ይገዛታል፣ ጥቂት ሳምንት ይደሰትባታል፣ አበባው ሲረግፍ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። ብክነት ነው። አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ይቺ አበባ ብዙ ዓመት ትኖራለች፣ በየዓመቱም ታብባለች።

ስለ ትውልዷ ትንሽ እንበል። ገበያው አማሪሊስ ይበላት እንጂ በሳይንሱ ሂፒያስትረም ናት፤ አገሯም ደቡብ አሜሪካ ነው፦ ብራዚል፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያና አካባቢው። በሳይንሱ አማሪሊስ የምትባለዋ ሌላ ናት፤ እሷ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነች። የእፅዋት ተመራማሪዎች በዚህ ስም ለረጅም ጊዜ ከተከራከሩ በኋላ በ1987 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በርሊን ላይ ባደረጉት ጉባኤ ስሙን ለደቡብ አፍሪካዋ አጸኑ። ነጋዴው ጉዳዬም አላለው። የመጀመሪያዋን ድቅል ያገኘው ደግሞ አርተር ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነው ይባላል፤ ጊዜው 1799 ነው። ከዚያ ወዲህ ሆላንዶች ሥራዬ ብለው ያዙትና ዛሬ የምናያቸውን ግዙፍ አበቦች አወጡ።

ቤተሰቧ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ነው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርዛማ ስለሆነች ነው። ሽንኩርት የሚመስለው ራሷ ውስጥ (ከዚህ በኋላ «ሽንኩርቱ» የምለው እሱን ነው) ላይኮሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የበላውን ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ያመዋል። ድመትና ውሻ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ የሚድህ ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «አምና አብባ ነበር፣ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ አወጣች» የሚል ቅሬታ በየቦታው ይሰማል። መልሱ ቀላል ነው፤ አበባው የሚሠራው ከመታየቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ሽንኩርቱን ለሁለት ብትሰነጥቁት፣ በድርቡ መሐል ለመጪው ጊዜ የተዘጋጁ ጥቃቅን እምቡጦች ታገኛላችሁ። በግምት በየአራት ቅጠሉ አንድ የአበባ አገዳ ውስጥ ውስጡን ይፈጠራል። እንግዲህ ሱቅ ስትገዟት ያለው አበባ ያሳደጋት ገበሬ የደከመበት ነው። የቀጣዩ ዓመት አበባ ግን የእናንተ ቅጠሎች ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት፣ ሽንኩርቱን ጨለማ ውስጥ የማሳረፍ ነገር (ወደ በኋላ እንመጣበታለን) ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ቅጠል፣ ብዙ ቅጠል፣ ፀሐይ የጠገበ ቅጠል።

አበባው ሲጠወልግ የምታደርጉት ይኸው ነው። የደረቁትን አበቦች ቁረጡ፤ ዘር እንዳትይዝ። ዘር መያዝ አቅሟን ይጨርሰዋል። አገዳውን ግን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተዉት፣ ቢጫ ሲሆን ከሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት። አገዳው ባዶ ቱቦ ነው፣ ሲቆረጥ ውሃ ቢያፈስ አትደንግጡ። ቅጠሎቹን በፍጹም እንዳትነኩ። ረዝመው ሲዘረጉ ቤት ያበላሻሉ፣ እውነት ነው፤ «አበባ የላትም፣ ምን ትሠራልኛለች» ብሎ ጥግ ወስዶ መጣልም ይመጣል። ጥግ የገባች አማሪሊስ ግን የሚቀጥለው ዓመት አበባዋ እዚያው ጥግ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ብርሃን ያለበት መስኮት ስጧት፣ የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል አጠጡ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ማዳበሪያ ጨምሩላት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሏን ብቻ ያወፍራል፣ እሱን ተዉት።

በረዷማ አገር ያላችሁ ውርጩ ሲያልፍ፣ ሜይ መጨረሻ ግድም፣ ወደ በረንዳ አውጧት። መጀመሪያ ጥላ ላይ፣ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ። ከቤት ወጥታ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ የተሰጣች እንደሆነ ቅጠሏ ተቃጥሎ ይነጣል። በጋውን ሙሉ ውጪ የከረመች አማሪሊስና መስኮት ዳር የከረመች አማሪሊስ ስትቆፍሯቸው ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንደኛዋ ጠንካራና ከባድ፣ ሌላዋ ሟሽሻ ለስላሳ። ሱቅ ላይ ትላልቆቹ ዙሪያቸው ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እየከሳች የሄደች ሽንኩርት አበባ እምቢ ብትል አይፈረድባትም።

ከዚያ እረፍት። ደቡብ አሜሪካ ሳለች ደረቅ ወራት ታሳልፋለች፤ እኛም ያንን ነው የምናስመስለው። ውሃ ይቆማል፣ ቅጠሉ ደርቆ ይወድቃል፣ ፖቷ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ትቀመጣለች። ጨለማ ግዴታ አይደለም። ወሳኙ ቅዝቃዜውና ድርቀቱ ነው።

ለእኛ ገና ማድረስ ለምትፈልጉ ሒሳቡ ከራሳችን በዓላት ጋር ይገጥማል። ለዕንቁጣጣሽ ውሃ አቁሙ። ኅዳር ሲጠባ፣ ማለትም ኖቬምበር 10 ግድም፣ ወደ ሞቃት ክፍል አምጧትና ለብ ባለ ውሃ አንዴ በደንብ አጠጧት። ከዚያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስድባታል፤ ታኅሣሥ 29 ላይ ትደርሳለች ማለት ነው። ሁልጊዜ በቀኑ አትገኝም። ለሁለተኛ ጊዜ የምታብብ ከሆነ አንዳንዴ ታረፍዳለች፣ ለጥምቀት ብትደርስም ያው በዓል ነው።

ከዚያ የመጀመሪያ ውሃ በኋላ ግን አታብዙባት። አረንጓዴ ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ጠብታ ያህል ይበቃታል፤ ሥር በሌለበት ውሃ መበስበስን ነው የሚጠራው። ብቅ ያለውን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠፍጣፋና ጫፉ ክብ ከሆነ ቅጠል ነው። ደልደል ያለ፣ ከጎን የወጣና ጫፉ የሾለ ከሆነ አበባ ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ወደ ብርሃን ስለምታዘነብል ፖቷን በየጥቂት ቀኑ አዙሩ። አበባው ሲከፈት መሐሉ ያሉትን ቢጫ ዱቄት የያዙ ራሶች ብትቆርጡ ዕድሜው ይረዝማል፣ ጠረጴዛውም አይበከልም።

ፖትን በተመለከተ ጠበብ ያለ ይሁን፤ በሽንኩርቱና በፖቱ ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከባድ መሆን አለበት፣ አበባው ሲከፈት ፕላስቲክ ፖት ይገለበጣል። ከታች ቀዳዳ የሌለውን አትግዙ። ሽንኩርቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ከአፈር በላይ ይታይ። አፈር መቀየር በየሁለት በየሦስት ዓመቱ በቂ ነው። በሰም የተነከሩ፣ አፈርም ውሃም የማይፈልጉ አማሪሊሶች አሉ። እነሱን ለመጪው ዓመት ተስፋ አታድርጓቸው፤ ብዙ ጊዜ ሥራቸው ተቆርጦ ከሥር ሽቦ ተሰክቶባቸዋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሥራችሁ ይቀላል። ውርጭ ከሚበዛበት ሰፈር በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ውጪ ልትቆይ ትችላለች። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ እንዳያበሰብሳት ኮርኒስ ሥር አስጠጓት። የበጋው ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናቡም የለም፤ ውሃ ብቻ ከቀነሳችሁላት እረፍቷን ራሷ ታገኛለች።

ችግሩ ዱባይና ኩዌት ላሉት ነው። ኤሲ ክፍሉን 13 ዲግሪ አያደርሰውም። መውጫው ፍሪጅ ነው፦ ቅጠሏ የደረቀውን ሽንኩርት ከአፈር አውጥታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ ለስድስት ሳምንት ያህል አስቀምጡት። ፖም አጠገቡ አይቀመጥ፤ ፖም የሚያወጣው ጋዝ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ወረቀት ላይም «አይበላም» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉበት። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ለወጥ ቁሌት ሊከትፈው ይችላል።

በሽታዋ ብዙ አይደለም። ቅጠልና አገዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ የታመመውን ቁረጡ፣ ስታጠጡም አናቷ ላይ አታፍስሱ። ቅጠሏ ቢጫ ዥንጉርጉር ከሆነ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት የለውም፣ ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት አስወግዷት። ሽንኩርቱ ጎን ላይ የሚወጡት ትንንሽ ልጆች ደግሞ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። አፈር በምትቀይሩበት ጊዜ፣ የራሳቸውን ሥር ያበጁትን እየነጠላችሁ ለብቻ ትከሉ። ለማበብ ጥቂት ዓመት ይወስድባቸዋል፤ በእነዚያ ዓመታት የእረፍቱን ነገር ተዉትና ዓመቱን ሙሉ እያጠጣችሁ አሳድጓቸው።